«ቅጠለ እግር ትኋን»፦ በአንድ የሳይንስ ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

በውጭ ቋንቋ የተጻፈ የሥነ ነፍሳት ትምህርት ወደ አማርኛ ሲመለስ አስቸጋሪ ከሚሆኑት ስሞች አንዱ ኮሬይዴ የተባለው ቤተሰብ ስም ነው። የዚህ ቤተሰብ አባላት የተክል ጭማቂ እየመጠጡ የሚኖሩ ነፍሳት ናቸው። በእንግሊዝኛ የሚታወቁበት የተለመደ ስም ቃል በቃል ሲመለስ «ቅጠለ እግር ትኋን» ወይም «ባለ ቅጠል እግር ትኋን» ይሆናል። ትርጉሙ በሰዋስው ረገድ ነቀፋ የለበትም። ይሁን እንጂ የመማሪያ መጽሐፍ ቃል የሚመዘነው በሰዋስው ትክክለኛነቱ ብቻ ሳይሆን በተማሪው አእምሮ ውስጥ በሚቀርጸው ሥዕል ጭምር ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ የስሙ የመጀመሪያ ክፍል በብዙዎቹ የቤተሰቡ አባላት ላይ የሌለ ምልክት ያስፈልጋል፤ ሁለተኛው ክፍል ደግሞ የማሳውን ነፍሳት ከመኝታ ቤቱ ደም መጣጭ ጋር ያደባልቃል። ለችግሩ መፍትሔ ለማግኘት ግን ከአማርኛ ውጭ መሄድ አያስፈልግም፤ ገበሬውና ከተሜው ከጥንት ጀምሮ የሚሠሩበት የአሰያየም ብልሃት በቂ መሣሪያ ይሰጣል።

1. የነፍሳቱ ጠባይ

ኮሬይዴ ሄሚፕቴራ በሚባለው ክፍለ መደብ፣ በውስጡም ሄቴሮፕቴራ በተሰኘው ንዑስ ክፍለ መደብ ይመደባል። በዓለም ላይ ከ2,000 በላይ የታወቁ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን፣ አብዛኞቹ የሚገኙት በሐሩርና ለሐሩር በቀረቡ አገሮች ነው። አካላቸው ጠንከር ያለና ረዘም ያለ፣ ቀለማቸው ብዙውን ጊዜ ቡናማ ወይም ግራጫ ነው። ራሳቸው ከደረታቸው ይጠብባል፤ አንቴናቸው አራት አንጓ አለው። የፊት ክንፋቸው ግማሹ እንደ ቆዳ የጠነከረ፣ ጫፉ ግን እንደ ስስ ወረቀት ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ ሄሚፕቴራ የሚለው የግሪክ ቃል «ግማሽ ክንፍ» ማለት የሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው። ሲነኩ ከደረታቸው ሥር ካለው ዕጢ ጠንካራ ሽታ ያወጣሉ።

ከሁሉ በላይ ሊጤን የሚገባው የአፋቸው አሠራር ነው። እነዚህ ነፍሳት እንደ አንበጣ ወይም እንደ ተምች የሚያኝክ መንጋጋ የላቸውም። አፋቸው ከራሳቸው ሥር ወደ ኋላ ታጥፎ የሚቀመጥ ቀጭን ወስፌ ነው። ሊመገቡ ሲሹ ወስፌውን ወደ ቀንበጡ ወይም ወደ እሸቱ ይሰድዱና ምራቃቸውን ይረጫሉ፤ ምራቁ የተክሉን ሕዋሳት ሲያሟሟ ፈሳሹን መልሰው ይመጡታል። ስለዚህ ያጠቁት ተክል ቅጠሉ አይበሳም፤ ጠርዙም አይቆረጥም። ቀንበጡ ይጠወልጋል፤ እሸቱ ይጨማደዳል፤ ፍሬው ሳይሞላ ይቀራል። ዕድገታቸውም ከቢራቢሮ የተለየ ነው። ከእንቁላል የሚወጣው ግልገል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወላጁን ይመስላል፤ አምስት ጊዜ ቆዳውን ገፎ ክንፍ ያወጣል እንጂ በትልነትና በሙሽሬነት ደረጃ አያልፍም።

2. «ቅጠለ እግር» የሚለው ሐረግ

ስሙ የተገኘው ሌፕቶግሎሰስን ከመሳሰሉ ወገኖች የኋላ እግር ነው። በእነዚህ ነፍሳት ላይ የኋላው ቅልጥም ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ትንሽ ቅጠል ይመስላል። የእንግሊዝኛው ስም ግን ስለ ቅልጥም ሳይሆን ስለ እግር መርገጫ ይናገራል፤ በዚህም የአካሉን ክፍል ያሳስታል። አማርኛ «እግር» ሲል ከጭን እስከ ጣት ያለውን ሁሉ ስለሚያጠቃልል፣ «ቅጠለ እግር» የሚለው ትርጉም ሳይታሰብ ከምንጩ የተሻለ ሆኗል። ይህን ያህል ለስሙ ሊመሰከርለት ይገባል።

ዋናው ነቀፋ ግን ከዚህ ይጀምራል። የቅጠል ቅርጽ ያለው ቅልጥም የቤተሰቡ አባላት ሁሉ ምልክት አይደለም። ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ በሰፊው ተሰራጭተው የጥራጥሬ ሰብል ከሚያጠቁት የዚህ ቤተሰብ አባላት ሁለቱን መመልከት ይበቃል። የመጀመሪያው አኖፕሎክኔሚስ ከርቪፔስ ነው። ይህ ትልቅና ጠቆር ያለ ነፍሳት በተለይ በወንዱ ላይ የሚታየው ልዩ ምልክት የወፈረና የተቆለመመ የኋላ ጭን ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙም የተቆለመመ እግር ማለት ነው። ሁለተኛው ክላቪግራላ ቶሜንቶሲኮሊስ ሲሆን፣ አነስ ያለ፣ ግራጫማ ቡናማ፣ ጠጉር የለበሰና ከትከሻው እሾህ ያወጣ ነፍሳት ነው። በሁለቱም ላይ ቅጠል የሚመስል እግር አይገኝም።

እንግዲህ በመጽሐፉ ውስጥ «ቅጠለ እግር» የሚለውን ስም ያጠና ተማሪ ወደ ትምህርት ቤቱ የአትክልት ቦታ ወጥቶ በቦሎቄው ላይ ከእነዚህ አንዱን ቢያገኝ፣ ቅጠል መሳይ እግር ስለማያይ «ይህ ያ አይደለም» ብሎ ያልፈዋል። ስሙ ለማወቂያ የተሰጠ ሆኖ ሳለ እንዳይታወቅ አደረገ ማለት ነው። የአንድ አህጉር ሊቃውንት በደጃቸው ያገኙትን ነፍሳት አይተው ያወጡት ቅጽል ለሌላው አህጉር ተማሪ እንዳለ ሲተላለፍ የሚደርሰው ጉዳት ይህ ነው።

ከዚህም ሌላ በአማርኛ ስለ ነፍሳት ሲወራ «ቅጠል» የሚለው ቃል ወዲያው የሚያሳስበው ምግብን ነው። ስሙን የሰማ ተማሪ ነፍሳቱ ቅጠል እንደሚበላ አድርጎ ቢገምት አይፈረድበትም። ግምቱ ግን ከእውነቱ ይርቃል፤ የእነዚህ ነፍሳት ዋና ዒላማ ለጋ ቀንበጥ፣ እሸትና ፍሬ ነውና።

3. «ትኋን» የሚለው ቃል

የስሙ ሁለተኛ ክፍል የበለጠ ክርክር የሚያስነሣ ነው። በአንድ ወገን «ትኋን» ለማለት የሚያበቃ ሳይንሳዊ ምክንያት አለ። የመኝታ ትኋንና የማሳው ነፍሳት ሁለቱም ከሄቴሮፕቴራ ወገን ናቸው። ሁለቱም በወስፌ አፍ ይመጣሉ፤ ሁለቱም ይሸታሉ፤ የሁለቱም ግልገሎች ወላጆቻቸውን ይመስላሉ። ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 የእንስሳትን ስም ሲደነግግ የመኝታ ትኋንንና ብዙ የተክል መጣጮችን ሲሜክስ በተባለ አንድ ወገን ውስጥ አስቀምጦ ነበር፤ ሲሜክስ ደግሞ በላቲን ትኋን ማለት ነው። ፋብሪሲየስ እ.ኤ.አ. በ1794 ኮሬየስ የሚለውን የወገን ስም ሲያወጣም የተነሣው «ኮሪስ» ከሚለው የግሪክ ቃል ሲሆን፣ የዚህም ትርጉም ትኋን ነው። እንግዲህ ኮሬይዴ የሚለው የሊቃውንት ስም ራሱ በውስጡ ትኋንን ይዞ ይገኛል።

የአውሮፓ ቋንቋዎችም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ጀርመንኛ ለዚህ ወገን ሁሉ የሚጠቀምበት ቃል መነሻው ግድግዳ ከሚለው ስም ነው፤ በግድግዳ ስንጥቅ ከሚያድረው የቤት ትኋን ተነሥቶ ወደ ዱሩ ተስፋፋ። ፈረንሳይኛ ከክፉ ሽታ በመነሣት የቤቱንም የማሳውንም በአንድ ቃል ይጠራል። እንግሊዝኛም ቢሆን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለመኝታ ትኋን የተጠቀመበትን ቃል በኋላ ለወገኑ ሁሉ ሰጥቷል። ይኸው የእንግሊዝኛ ቃል በድምፁ እንዳለ በአማርኛ ፊደል ይጻፍ ቢባል «በግ» ተብሎ ስለሚነበብ፣ በውሰት የሚገኝ መፍትሔ አለመኖሩን ለማስረዳት ሌላ ምስክር አያሻም።

ይህ ሁሉ ለ«ትኋን» የሚቆም ክርክር ነው። ነገር ግን በእነዚያ ቋንቋዎች የቃሉ መስፋፋት በሕዝቡ አፍ የተፈጸመ ነው፤ የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ያገኙት የሰፋውን ቃል ነው። በዕለት ተዕለት አማርኛ ግን ትኋን ሲባል የሚታሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ሌሊት ከአልጋ ስንጥቅ ወጥቶ የሰው ደም የሚመጥ፣ መብረር የማይችል፣ ቀይ ቡናማና ጠፍጣፋ ነፍሳት ነው። በአዲስ አበባ፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ጠመንጃ ያዥ በሚባለው ሰፈር የሚያድግ ሕፃን የአትክልት ማሳ ከማየቱ በፊት ይህን ቃል ከቤት ሊሰማው ይችላል፤ በእንጨትና በጭቃ በተሠራ ቤት ያደገ ሰው የግድግዳው ስንጥቅ በኖራ የሚደፈነው፣ አልጋው ፀሐይ ላይ የሚወጣው በምን ምክንያት እንደሆነ ይገነዘባል። ይህ ተማሪ በክፍል ውስጥ «ትኋን የቦሎቄ እሸት ያበላሻል» የሚል ዐረፍተ ነገር ቢያነብ፣ ከአልጋው የወጣው ትኋን ወደ ማሳ የሄደ ይመስለዋል። መምህሩ ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን ካልነገረው ስሕተቱ ከእርሱ ጋር ያድጋል።

4. ከስሙ ስሕተት የሚከተለው ጉዳት

ጉዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላከራከረ። ስም ግን በግብርና አገር ውስጥ ወደ ተግባር ይመራል። ሦስት ዓይነት ጉዳት መመልከት ይቻላል።

አንደኛው የምልክት አለመታወቅ ነው። ተባይ ማለት ቅጠል የሚበሳ ነው ብሎ የተማረ ሰው፣ ቅጠሉ ምንም ሳይሆን ቀንበጡ የጠወለገበትን ተክል ሲያይ ምክንያቱን በዝናብ እጥረት ወይም በበሽታ ያመካኛል። ነፍሳቱ ሰው ሲቀርብ በርሮ ወይም ከግንዱ ጀርባ ዞሮ ስለሚሰወር ጥፋተኛው ሳይታይ ይቀራል። በሰሊጥ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። በመተማና በሑመራ አካባቢ የታወቀው የሰሊጥ ዘር መጣጭ ከኮሬይዴ ባይሆንም የዚሁ የሄቴሮፕቴራ ወገን ነው። ታጭዶ በቆመው ክምር ውስጥ ገብቶ የዘሩን ዘይት ይመጣል፤ ዘሩ ይቀላል፤ ይመርራል፤ ከውጭ ሲታይ ግን የተበላ አይመስልም። የቡናውም አንቴስቲያ እንዲሁ የፍሬውን ጣዕም የሚያበላሸው በወስፌው ነው። ለተማሪው አስቀድሞ ሊሰጠው የሚገባው ዕውቀት እንግዲህ «ያኝካል ወይስ ይመጣል?» የሚለውን ጥያቄ የመጠየቅ ልምድ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት በወዳጅ ላይ የሚፈጸመው ነው። በሄቴሮፕቴራ ውስጥ ተክል ፈጽሞ የማይነኩ፣ ይልቁንም ትልንና ክሽክሽን እየወጉ የሚበሉ አዳኞች አሉ። ሬዱቪይዴ የሚባለው ቤተሰብ አብዛኞቹ አባላት እንዲህ ናቸው፤ በመልካቸውም ከኮሬይዴ ጋር በቀላሉ ይምታታሉ። ልዩነታቸው በአፋቸው ይታወቃል፤ የአዳኙ ወስፌ አጭር፣ ወፍራምና ወደ ታች የጎበጠ ሲሆን የተክል መጣጩ ግን ቀጥ ያለና ረጅም ነው። «ትኋን» የሚለው ስም የሁሉም መጠሪያ ከሆነ፣ ትኋንን በጥፍሩ መፍጨት ከልጅነቱ የለመደ ሰው ጠላቱንም ረዳቱንም አብሮ ያጠፋል።

ሦስተኛው ጉዳት የመርዝ አጠቃቀምን ይመለከታል። አንድ ስም ለሁለት ነገር ሲሰጥ የአንዱ መድኃኒት ለሌላውም ይታሰባል። ለማሳ የተዘጋጀ የተባይ መርዝ በአልጋና በፍራሽ ላይ ቢረጭ የሚጎዳው ከትኋኑ ይልቅ በፍራሹ ላይ የሚተኛው ሕፃን ነው። እንዲህ ያለው አደጋ በአንድ ቃል ምክንያት ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ትምህርት ቤት ሁለቱን ነፍሳት በስም መለየቱ ከአደጋው መከላከያ መንገዶች አንዱ ነው።

5. የአማርኛ የአሰያየም ብልሃት

አማርኛ ለነፍሳት ስም ድሀ አይደለም። በመጽሐፍ ቅዱስ የአማርኛ ትርጉም፣ በትንቢተ ኢዩኤል ውስጥ ተምች፣ አንበጣ፣ ደጎብያና ኩብኩባ በየስማቸው ተለይተው ተጠርተዋል። የወሎ ገበሬ ጤፉን የሚያጠቃበትን ፌንጣ መሳይ ነፍሳት ደገዛ ይለዋል፤ የግብርና ባለሙያዎችም ይህን ስም ተቀብለው ይጠቀሙበታል። ክሽክሽ፣ ነቀዝ፣ ምስጥ፣ ጓይ ትል፣ አገዳ ቆርቁር እያንዳንዳቸው በማሳውና በጎተራው የተፈተኑ ስሞች ናቸው።

ከእነዚህ መካከል ለተያዘው ጉዳይ ብርሃን የሚሰጠው «አገዳ ቆርቁር» ነው። ስሙ ስለ ነፍሳቱ መልክ ምንም አይናገርም፤ ምን እንደሚያጠቃና እንዴት እንደሚያጠቃ ግን በሁለት ቃል ይጨርሳል። ስሙን የሰማ ገበሬ አገዳውን ሰንጥቆ ይመለከታል፤ ትሉንም በውስጡ ያገኘዋል። ስሙ ራሱ የምርመራ መመሪያ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ዓይነቱ አሰያየም በነፍሳት ብቻ የተወሰነ አይደለም። ውኃ ቀጂ፣ እንጨት ፈላጭ፣ ጠላ ጠማቂ የሚባሉት ሁሉ በተግባራቸው ተሰይመዋል። ከላይ የተነሣው ሰፈር መጠሪያም የዚሁ ሥርዓት ፍሬ ነው። ጠመንጃ ያዥ ሲባል፣ ስሙ እንደሚያመለክተው፣ ጠመንጃ የመያዝ አገልግሎት የነበራቸው ሰዎች ይታወሳሉ። መልካቸው፣ ትውልዳቸው ወይም ልብሳቸው አልተነገረም፤ የያዙት መሣሪያና ተግባራቸው ብቻ ተነገረ፤ ስሙም ከሰዎቹ አልፎ የቦታ መጠሪያ ሆኖ ኖረ። በመጀመሪያ የሚደረግበት ነገር፣ ቀጥሎ አድራጊው የሚሰለፍበት ይህ አሠራር ለአማርኛ ተናጋሪ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አዲስ የሳይንስ ቃል የሚሻው ሰው መሣሪያውን ከዚህ ሊያነሣ ይገባዋል።

ሌላው መንገድ ከግዕዝ ማውጣት ነው። «ሦስት አጽቄ» የሚለው ቃል ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። የነፍሳት አካል በራስ፣ በደረትና በሆድ መከፈሉን በትክክል ይገልጻል፤ «ነፍሳት» የሚለው ቃል ነጠላው «ነፍስ» በመሆኑ የሚያመጣውን ችግርም ያስወግዳል። ይሁንና ዐጽቅ የሚለውን የግዕዝ ቃል የማያውቅ ተማሪ ትርጉሙን በቃሉ መያዝ ግድ ይሆንበታል። የግዕዝ ቃል ለከፍተኛ ምደባ፣ የዕለት ተዕለት አማርኛ ደግሞ በዓይን ለሚታየው ነፍሳት ቢውል ሁለቱ ይደጋገፋሉ።

6. ለመጻሕፍት ዝግጅት የሚበጁ አሳቦች

ከዚህ በላይ በተዘረዘረው መሠረት የሚከተሉት አሳቦች ይቀርባሉ።

ሀ/ «ትኋን» ያለ ቅጽል ሲነገር ለመኝታ ትኋን ብቻ ይቆይ። ለሄቴሮፕቴራ ንዑስ ክፍለ መደብ በሙሉ «ወገነ ትኋን» ማለት ይቻላል። ይህ ቃል ዝምድናውን ይጠብቃል፤ ማንነቱን ግን አያደባልቅም። የማሳው ነፍሳት ከትኋን ወገን ነው ማለት ትኋን ነው ማለት አይደለምና።

ለ/ በኮሬይዴ ውስጥ ላሉት የሰብል ጠላቶች በተግባራቸው ስም ይሰጥ። ለአኖፕሎክኔሚስ «ቀንበጥ መጣጭ»፣ ለክላቪግራላ «እሸት መጣጭ» ቢባል ተማሪው የት እንደሚፈልጋቸውና ምን ምልክት እንደሚጠብቅ ከስማቸው ይረዳል።

ሐ/ «ቅጠለ እግር» የሚለው ስም ፈጽሞ አይጣል፤ በትክክል ለሚገባቸው ብቻ ይሰጥ። ሌፕቶግሎሰስና መሰሎቹ ቅልጥማቸው በእርግጥ ቅጠል ስለሚመስል «ቅጠለ ቅልጥም» ቢባሉ ስሙ ከአካሉ ጋር ይስማማል። ከዚህ ወገን አንዱ የሆነውና የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ የሆነው የጥድ ፍሬ መጣጭ እ.ኤ.አ. በ1999 በኢጣልያ ከታየ በኋላ በአውሮፓ በሙሉ ለመስፋፋት ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም፤ እንዲህ ያለ ነፍሳት ከአገር አገር ሲሻገር በሥዕል ለመለየት ቅልጥሙ ይጠቅማል።

መ/ የቤተሰቡ ሳይንሳዊ ስም «ኮሬይዴ» ተብሎ በአማርኛ ፊደል ከአማርኛው ስም ጎን ይጻፍ። እሸት የሚመጡ ነፍሳት በሌሎች ቤተሰቦችም ውስጥ ስላሉ የተግባር ስም ብቻውን ለምደባ አይበቃም። ይህን እጥረት መሸሸግ አይገባም፤ የተግባር ስም ለማሳው፣ የቤተሰብ ስም ለመዝገቡ ያገለግላል።

ሠ/ ስሞቹ በመጻሕፍት ከመጽናታቸው በፊት ነፍሳቱ በሚገኝበት ወረዳ ያሉ ገበሬዎች የሚጠሩበት ስም ይጠየቅ። እንደ ደገዛ ያለ ስም ከተገኘ ለተፈጠረው ቃል ሁሉ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል።

አማርኛ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በአንደኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ ሲሠራበት፣ በኋላም የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላት በመዝገበ ቃላት መልክ ሲሰናዱ ብዙ ድካም ወጥቷል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎችም የመጀመሪያ ደረጃ ማስተማሪያ እንዲሆኑ መንገድ ከከፈተ ወዲህ ደግሞ ይኸው ጥያቄ የሁሉም ሆኗል። በአፋን ኦሮሞም ሆነ በትግርኛ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ከእንግሊዝኛው ስም ጋር ሲገናኝ ተመሳሳይ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ከውጭ የመጣውን ቅጽል ከመተርጎሙ በፊት ነፍሳቱን በተክሉ ላይ ማየትና በአካባቢው ምን ተብሎ እንደሚጠራ መጠየቅ ይኖርበታል። የጠወለገ የቦሎቄ ቀንበጥ ያየ ልጅ ጎንበስ ብሎ መጣጩን ከግንዱ ጀርባ ለመፈለግ የሚያበቃው፣ አዳኙንም ከመጣጩ ለይቶ ለመተው የሚያስችለው ስም ከተገኘ የቃሉ አዘጋጅ ሥራውን ፈጽሟል ማለት ይቻላል።